የአቶ መዝሙር የጳጉሜ ማስታወሻዎች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀራንዮ ያሉ ጎረቤቶቼ ምን እሠራ እንደነበር ሲጠይቁኝ «ጸሐፊ ነበርኩ» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ሥራ የጀመርኩት በጽሕፈት መኪና ነው። የጨረስኩት ግን ወጣት ሳለሁ መኖሩን እንኳ በማላውቀው ሥራ ላይ ነው። ለኮምፒውተር ፕሮግራሞች መመሪያና ማብራሪያ አዘጋጅ ነበርኩ። አሁን ይህንንም ኮምፒውተሩ ራሱ ይሠራዋል። የመውጫዬ ሰሞን አንድ አዲስ ነገር አስገብተው፣ ኮዱን እያነበበ ማብራሪያ ሲጽፍ አሳይተውኛል። ጽሑፉ ንጹሕ ነው። እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚሠራ በትክክል ይናገራል። ለምን እንደሚሠራ ግን አንድም ቦታ አላለም። ይህን ልዩነት ያስተማሩኝ አንድ ሰው አሉ። የምጽፈው ስለ እሳቸው ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ የጽሕፈት ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ከዚያም አንድ የመንግሥት ግምጃ ቤት ተቀጠርኩ። አለቃዬ ወይዘሮ ጸዳለ ይባሉ ነበር። የጻፍኩትን ወረቀት ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው ያዩታል። ስሕተት ካገኙ አይቆጡም፤ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ በፊቱ ደፍተውት ይሄዳሉ። የት ላይ እንደተሳሳትኩ መፈለግ የእኔ ፋንታ ነው። ደሞዙ ከቤት ኪራይ ብዙ አያልፍም ነበር። ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። ዓመታት አልፈው ኮምፒውተር ሲመጣ የጽሕፈት መኪናዎቹ ተሸፍነው መጋዘን ገቡ፤ እኛም ሥልጠና ተሰጠን። ቆይቶ መሥሪያ ቤቱ ከሌላ ጋር ሲቀላቀል ለእኔ የሚሆን ቦታ ጠፋ።

ቀጥሎ የተቀጠርኩት ዓለም ባንክ መንገድ ላይ፣ ከቀለም መሸጫ በላይ ባለ ፎቅ ላይ ቢሮ የነበረው አንድ ትንሽ ድርጅት ነው። ለክሊኒኮች የመድኃኒት መጋዘን የሚሆን ፕሮግራም ይሠራል፤ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ የትኛው መድኃኒት ጊዜው ሊያልፍ ነው የሚለውን የሚይዝ። ባለቤቱ ናሆም በዕድሜ ልጄ ይሆናል። «እትዬ አስካለ፣ እርስዎ መመሪያውን ብቻ ይተይቡልን» ብሎ ነው የቀጠረኝ። ፕሮግራሙን ከሥር ከመሠረቱ የጻፉት ግን አቶ መዝሙር ነበሩ። ከጎጃም የመጡ፣ ቀድሞ የሒሳብ መምህር የነበሩ፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚበልጡ ሰው ናቸው።

በመጀመሪያው ቀን ከመመሪያው አንድ ገጽ ሰጡኝና «ያንብቡልኝ፤ ጮክ ብለው» አሉኝ። እሳቸው ወንበራቸውን አዙረው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አደረጉ። በማነብበት ጊዜ ትንሽ በተደናቀፍኩ ቁጥር አንድ ጣታቸውን ያነሳሉ። ስጨርስ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ።

«እርስዎ አይደሉም የተደናቀፉት» አሉኝ። «መንገዱ ነው ጉድጓድ ያለበት። ያምጡት።»

ጣታቸውን ያነሱባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ እንደገና ጻፏቸው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት እንዲህ ሠራን። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ግድግዳ ያያሉ።

ኮድ ሲጽፉ ከእያንዳንዱ ክፍል በላይ በአማርኛ ማብራሪያ ያስቀምጣሉ። ምን እንደሚሠራ አይጽፉም፤ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ነው የሚጽፉት። ወጣቶቹ ይስቁባቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ እኮ አማርኛ አይችልም» ይላቸዋል ናሆም።

«ለኮምፒውተሩ መች ጻፍኩ? እሱማ የሚያደርገውን ያውቃል። የማታውቀው አንተ ነህ።»

ከኮዱ ውጪ የሆነውን ነገር፣ የክሊኒኮቹን ጣጣ፣ የሰዎቹን ቅሬታ፣ የተሞከረውንና ያልሠራውን ደግሞ በኮምፒውተራቸው ላይ በአንድ የማስታወሻ ፕሮግራም ይይዙታል። ዋናውን የሚጽፉት ጳጉሜ ላይ ነው። ሌላው ሰው ለበዓል ሲሯሯጥ እሳቸው በራቸውን ዘግተው ዓመቱን ወደ ኋላ ይሄዱበታል። የት እንደተሳሳትን፣ ምን እንደለወጥን፣ ለምን እንደለወጥን። ሰላም የምትባል ወጣት ፕሮግራመር ተቀጥራ ስትመጣ ምክንያቱን ጠየቀቻቸው።

«ጳጉሜ ደሞዝ የላት፣ የቤት ኪራይ የላት» አሏት። «ማንም አይፈልጋትም። ለጽሕፈት የተተወች ወር ናት።»

አንድ ጊዜ ኮልፌ ካለ ክሊኒክ ስልክ ተደወለ። ፕሮግራሙ መድኃኒት ይሰርዛል ተባለ። አቶ መዝሙርና እኔ ሄድን። እሳቸው ከመጋዘን ሠራተኛዋ ጀርባ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ቀኑንም ሙሉ እዚያው ዋሉ። ሴትዮዋ በመስኮቱ በኩል ሰልፍ አለባት። ስልክ ይጮኻል። ነርሷ ከወዲያ ትጣራለች። የእኛ መመሪያ በትክክል ተጽፎ ጠረጴዛዋ ላይ ተከፍቷል፤ ግን አንዱን ሥራ ለመጨረስ ሦስት ቦታ መግለጥ ይጠይቃል። እሷም መሐል ላይ ስትጠራ የቀረውን ትታ ትነሳለች፤ ፕሮግራሙም እንደተሰረዘ ይቆጥረዋል። ስንወጣ አቶ መዝሙር በመንገድ ላይ «መመሪያ የሚጻፈው ለደከመ ሰው ነው» አሉኝ። «ያልደከመማ ራሱ ይደርስበታል።» ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ሥራ በአንድ ገጽ ካልጨረስን አንለቀውም ነበር።

መርሳት እንደጀመሩ መጀመሪያ ያወቀ ማን እንደሆነ አላውቅም። እኔ የሰማሁት ከምሳ ሲመለሱ ታች ቀለም መሸጫው ገብተው «ወንበሬን ማን ወሰደው?» ብለው ጠየቁ በተባለ ቀን ነው። ባለ ሱቆቹ እየሳቁ ወደ ላይ አመጧቸው። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ሰዎቹ ሲወርዱ ጠሩኝ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ይሄ ነገር እየመጣ ነው። አባቴንም እንዲሁ አድርጎ ነው የወሰዳቸው።»

«ሐኪም አይቶዎታል?»

«አይቶኛል። የበሽታውን ስም ነገረኝ፤ ረሳሁት።»

ቀልድ መሆኑን ለማወቅ ፊታቸውን አየሁ። ቀልድ ነበር። ከዚያ በጣታቸው ኮምፒውተራቸውን መታ መታ አደረጉ።

«ማስታወሻዎቼ እዚህ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ሥራውን ከተዉት ቆይተዋል፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አይከፈትም። እኔ ሳልጠፋ እነሱን ያውጡልኝ። ነገ ሰው ለምን ብሎ ሲጠይቅ እኔ መልስ የለኝም፤ ጽሑፉ ይመልስለት።»

ሌላ ነገር ለምነውኝ አያውቁም።

ናሆም ሲነገረው አላንገራገረም። «ግን ግዛ አትበሉኝ፤ ነፃ ፈልጉ» አለ። ኦፕን ሶርስ የሚሉት አለ፤ የሠሩት ሰዎች ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርገው በነፃ የሚለቁት። ሰላም ከኢንተርኔት ላይ ሦስት አገኘች። ሦስቱም ከዚያ ከአሮጌው ፕሮግራም ውስጥ ማስታወሻ አውጥተው ማንም ኮምፒውተር በሚከፍተው መልክ እናስቀምጣለን የሚሉ ናቸው። እኔ መፈተኛ አዘጋጀሁ። ፊደል፣ ሰንጠረዥ፣ ፎቶግራፍና ወደ ሌላ ማስታወሻ የሚወስድ ማያያዣ ያለባቸውን ጥቂት ማስታወሻዎች መርጬ ለሦስቱም ሰጠኋቸው።

የመጀመሪያው ቁጥሩንና እንግሊዝኛውን በሚገባ አወጣ፤ አማርኛው በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆነ። ሰላም «ይሄ እንኳን ለጋሼ፣ ለጠላትም አይሆን» ብላ ጣለችው። ሁለተኛው ፊደሉን ጠበቀ። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ማስታወሻ ትርጉም የሌለው ረጅም ስም ሰጠው፤ ፎቶዎቹንም ለብቻ ከመራቸው፤ የትኛው የየትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ሦስተኛው ያማረ ነበር። ፊደሉ አልተነካም፣ ሰንጠረዡ አልፈረሰም፣ ማያያዣው ይሠራል። ከዚያም በላይ በማስታወሻው ራስ ላይ የተጻፈውን ቀን አንብቦ ፋይሎቹን በዓመት፣ በወርና በቀን ያሰልፋቸዋል። አቶ መዝሙር የኮምፒውተሩን ቀን አያምኑም ነበር፤ በእያንዳንዱ ማስታወሻ ራስ ላይ የእኛን ዓመት፣ ወርና ቀን በቁጥር ይጽፋሉ። ስለዚህ ማስታወሻዎቹን በሙሉ በእሱ አወጣን፤ የተሰለፈውም ሁሉ ልክ እሳቸው እንደጻፉት ሆነ።

ሦስታችንም መረመርነው። ሰላም ፊደሉን አየች። እኔ ሰንጠረዦቹንና ፎቶዎቹን አየሁ። አቶ መዝሙር መነጽራቸውን አድርገው ሐሳቡን አዩ። ከእያንዳንዱ ዓመት አንዳንድ ከፍተው ካነበቡ በኋላ «አዎ፣ እኔው ነኝ» አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር። በዚያው ወር ሥራ ለቀው ቤታቸው ገቡ።

እኛ ወደ ሁለተኛው ሥራ ገባን። በኮዱ ላይ ያሉትን የአማርኛ ማብራሪያዎች ሰብስቦ ሰነድ የሚያደርግ መሣሪያ አስፈለገን። ሁለት አወዳደርን። አንዱ የተገኘውን ሁሉ ይወስዳል፤ ግን የትኛው ማብራሪያ የየትኛው ኮድ እንደሆነ ሳይለይ በአንድ ላይ ይከምረዋል። ሌላው በሥርዓቱ ያያይዛል፤ ነገር ግን እሱ የሚያውቀው ልዩ ምልክት የሌለበትን ማብራሪያ እንደሌለ ነው የሚቆጥረው። ሁለተኛውን መረጥን። ሰላም በእያንዳንዱ ማብራሪያ መነሻ ላይ ምልክቱን እየጨመረች፣ እኔ የወጣውን ገጽ ከኮዱ ጋር እያስተያየሁ ወራት ሠራን። በመሐሉ ቢሮው ወደ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ተዛወረ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ አሮጌ ዕቃ ሁሉ ተሸጠ።

አንድ ቀን ሰላም ከጠረጴዛዋ ሆና ጠራችኝ።

«እትዬ፣ የጳጉሜዎቹን የት አስገቧቸው?»

«የት አስገባቸዋለሁ? ከሌሎቹ ጋር ናቸው።»

«የሉም።»

«በወሩ ፈልጊያቸው።»

«ፈለግኩ እኮ! ከነሐሴ መስከረም ነው የሚገባው። የየትኛውም ዓመት ጳጉሜ የለም።»

አንድ ማብራሪያ ላይ ደርሳ ነበር። ፕሮግራሙ አንድ ዓይነት መድኃኒት ሲወጣ ብቻ ሠራተኛውን ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። ሌሎቹን አንዴ ነው። ከላዩ አቶ መዝሙር «ለምን ሁለቴ እንደሚጠይቅ ጳጉሜ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ሳታነቡ አትንኩት» ብለዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ ነበር። ከባዱን ነገር ሁሉ ወደ ጳጉሜ ነው የሚመሩት።

ማስታወሻዎቹን ያወጣንበት መሣሪያ ክፍት ስለሆነ ሰላም ኮዱን አውርዳ አነበበችው። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀባትም። ወሩ ከአሥራ ሁለት ከበለጠ ቀኑ ስሕተት ነው፤ ማስታወሻውን እለፈው ይላል። አቶ መዝሙር ጳጉሜን አሥራ ሦስት ብለው ነበር የሚጽፉት። ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል፤ ነገር ግን ስለ ፎቶ መጠንና ስለ ባዶ ገጽ ከሚያወራው ብዙ ማስጠንቀቂያ ጋር ተቀላቅሎ ከዓይናችን ወጣ።

«የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ እያልን ስንኩራራ» አለች ሰላም። ድምፅዋ ቀልድ አልነበረውም። ለሠሪው ጻፈችለት። በማላውቀው አገር ያለ ሰው ነው። ከቀናት በኋላ በትሕትና አመስግኖ አስተካከለው። አሁን በዚያ መሣሪያ ጳጉሜ የሚጠፋበት ሰው የለም። ክፍት ስለሆነ የጠፋበትን ምክንያት አነበብነው፤ የጠፋውን ግን አልመለሰልንም።

ናሆም ሲሰማ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ቁራሌው! ‹ያረጀ ኮምፒውተር› እያለ በበሩ ሲያልፍ እኔው ነኝ የጠራሁት።»

«ሌላ ቅጂስ?»

«ቅጂው የተወሰደው ከወጣው ላይ ነው፣ እትዬ። ወጣ ብላችሁኝ የለ? አሮጌውን ምን ብዬ ላስቀምጥ?»

እውነቱን ነው። ኮልፌ ውስጥ አሮጌ ብረትና ኤሌክትሮኒክስ የሚገዙ ሰዎች ጋር ሁሉ ዞረ። ቁራሌውንም አገኘው። ኮምፒውተሩ ግን ተበታትኖ ከተሸጠ ሰንብቷል።

እኔን ያልተወኝ ሐሳብ ሌላ ነው። እኔና ሰላም ፊደልና ሰንጠረዥ ነበር የምናየው። በውስጡ ምን መኖር እንዳለበት የሚያውቁት አቶ መዝሙር ብቻ ነበሩ። ከእያንዳንዱ ዓመት ከፍተው ሲያነቡ የጳጉሜውን አልፈለጉም። ያን ቀን «እኔው ነኝ» ሲሉ፣ ጳጉሜ ላይ ይጽፉ እንደነበር ረስተውት ነበር። ደስ ብሏቸው ስለነበር አላስተዋልንም።

ናሆም «ሂዱና ይጠየቁ፤ ጥቂትም ቢሆን ያስታውሱ ይሆናል» አለ። ቀራንዮ መድኃኔዓለም አጠገብ ወዳለው ቤታቸው ሰላምና እኔ ሄድን። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቄ በር ከፍተው ሳንገባ ቀድመው አስጠነቀቁን። «ስም ይጠፋባቸዋል፤ ያውቁኛል ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቋቸው» አሉ።

አቶ መዝሙር ኮት ለብሰው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። እኔን አወቁኝ። ሰላምን የተማሪያቸው ልጅ አደረጓት፤ እሷም እሺ አለች። ስለ ጠፋው አልነገርኳቸውም። ከሁሉ የሚያስቸግረንን አንዱን ብቻ መርጬ ጠየቅኩ።

«አቶ መዝሙር፣ ፕሮግራሙ አንዱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ የሚጠይቀው ለምን ነበር?»

ብዙ አሰቡ። «አንዲት ሴት ነበረች» አሉ። «ልጅ ያዘለች። መስኮቱ ጋ…»

ሰላም እስክሪብቶዋን አወጣች።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያ…» እጃቸውን ወደ መስኮቱ ዘረጉ። በመስኮቱ በኩል የጎረቤት ቆርቆሮ እንጂ ሌላ አይታይም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊታቸው ላይ ፍርሃት አየሁ። «ጽፌዋለሁ አይደል? ሳልጽፈው አልቀርም።»

«ጽፈዋል» አልኩ።

«ወጣ?»

ሰላም ቀና ብላ አየችኝ። ወይዘሮ ብርቄም በር ላይ ቆመው ያዩኛል።

«እርስዎ መጻፍ የነበረብዎትን በሙሉ ጽፈዋል፤ የጎደለ የለም» አልኩ። የጠየቁኝ ግን እሱን አልነበረም። እሳቸውም ልዩነቱን የሚለዩ ሰው ነበሩ፤ ያን ቀን አለፋቸው። ወደ ኋላቸው ተደገፉ።

ሰላምና እኔ በታክሲ ተመለስን። ስትወርድ «ያቺ ሴትዮ ምን ሆና ይሆን?» አለች።

በሰነዱ ውስጥ ወደ ጳጉሜ የሚመሩትን ቦታዎች ምን እናድርጋቸው የሚል ክርክር ተነሳ። ናሆም ባዶ መሆኑ ደንበኛ ፊት ያሳፍራል፣ ይውጡ አለ። እኔ በእያንዳንዱ ላይ «ምክንያቱ በጸሐፊው ተጽፎ ነበር፤ እኛ ዘንድ ጠፍቷል» ብዬ ጻፍኩ። ናሆም አንብቦት አላስወጣውም። ነገር ግን ምክንያቱ ያልታወቀን ነገር ማንም ለዘላለም አይሸከምም። ክሊኒኮቹ ሁለቴ መጠየቁ ያዘገየናል እያሉ ይጨቀጭቁ ነበር። በመጨረሻ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ይጻፍ ተባለና ሥራው ለሰላም ተሰጠ። እሷም ምክንያቱን ታገኝ እንደሆነ ክሊኒክ ለክሊኒክ ዞራ ጠየቀች። ያኔ የነበሩት ሠራተኞች ሄደዋል። ምክንያት ያላገኘችለትን አንድ በአንድ ከፕሮግራሙ አወጣችው። እስካሁን ክፉ ነገር አልሰማንም። የምንሰማው ቢኖር ምን ሊሆን እንደሚችልም አናውቅም።

እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሰላም ደወለች።

«እትዬ፣ ዛሬ የጋሼን የመጨረሻ መስመር አወጣሁ። ከቢሮ ሰው ከመስማታቸው በፊት እርስዎ ይንገሯቸው ብዬ ነው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ። አቶ መዝሙር በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ማን እንደሆንኩ አላወቁም፤ ግን ተነስተው ወንበር ሰጡኝ። እንዴት እንደምጀምር ስላላወቅኩ በቀጥታ ተናገርኩ።

«የክሊኒኮቹ ፕሮግራም አዲስ እየተጻፈ ነው።»

«ጎሽ» አሉ። «ማን ነው የሚጽፈው?»

«ሰላም የምትባል ልጅ ናት።»

«ለምን እንደሆነ ትጽፋለች? ምን እንደሆነ አይደለም የምልዎት።»

«ትጽፋለች። በአማርኛ ነው የምትጽፈው፤ ቀኑን በእኛም በፈረንጁም ታደርገዋለች።»

ከዚያ ውለታ እንደሚውል ሰው በደግነት አዩኝ።

«እንግዲያው የእኔን ያውጡት» አሉ። «ልጅቷ ትፈራ ይሆናል። ፈቅዷል ይበሏት።»

«እሺ» አልኩ።